የጥርስና የድድ ጤና የማኅበሩ አጀንዳ ሊሆን ይገባል

በገጠር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚነሡት ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። የእርከን ሥራ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የወሰን ክርክር፣ የግጦሽ መሬትና የምንጭ ጥገና ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የአፍ ጤና የሚባል ነገር ሲነሣ አይሰማም። ጥርስ የእያንዳንዱ ሰው የግል ጣጣ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ይሰነብታል፤ ሲብስበት ያስነቅላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባዋል። ጥርሱን መፋቅ በእርግጥ የእያንዳንዱ ሰው የዕለት ተግባር ነው። ነገር ግን የጥርስና የድድ ጤና የተመሠረተባቸው አራት ነገሮች ከግለሰቡ ይልቅ በማኅበሩ እጅ የሚገኙ ናቸው። እነርሱም መፋቂያው የሚቆረጥበት ዛፍ፣ በመንደሩ ሱቅ የሚሸጠው ጣፋጭ፣ ሕዝቡ የሚጠጣው ውሃ፣ እንዲሁም በሕፃናት አፍ ላይ የሚፈጸመው ልማድ ናቸው። የገበሬ ማኅበር በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዛሬም የገጠር ቀበሌ በሚባልበት ሁኔታ፣ ዛፉን፣ ምንጩንና የጋራውን ደንብ የሚመለከተው አካል በመሆኑ፣ መሪዎቹ ይህን ጉዳይ ለሌላ ሊተዉት አይችሉም።

በመጀመሪያ ጥርስ የሚበላሸው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በየአካባቢው ጥርስን ትል ይበላዋል ይባላል። ጥርስን የሚቦረቡረው ግን ትል አይደለም። ሰው ምግብ በበላ ቁጥር በጥርሱ ላይና በድዱ ጠርዝ፣ ለዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን የሚራቡበት ለስላሳ ሽፋን ይጋገራል። ተሐዋስያኑ ከስኳር አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ እየበላ ጉድጓድ ያበጅበታል። ሽፋኑ በየቀኑ ካልተጠረገ ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ድዱን ያስቆጣል። ድዱ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ሲነካ ይደማል። ከዚያም ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሸሸ ሄዶ፣ አንድም ጉድጓድ የሌለበት ጥርስ ተነቃንቆ ይወድቃል። ጥርስ የሚረግፈው በእርጅና ነው የሚባለውም ስሕተት ነው። እርጅና ብቻውን ጥርስ አይጥልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የድድ በሽታ ነው። ስለዚህ ድዴ ደማ ብሎ መፋቅ የሚያቆም ሰው በሽታውን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በቀስታ ግን ሳያቋርጥ ቢፋቅ፣ በሽታው ሥር ካልሰደደ በስተቀር መድማቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

ለዚህ ሥራ ገበሬው ከአባቶቹ የወረሰው ጥሩ መሣሪያ አለው። ይኸውም መፋቂያ ነው። ከወይራ፣ ከክትክታ፣ ከልምጭና ከመሳሰሉት ዕፅዋት የሚቆረጠው መፋቂያ በሚገባ ከተሠራበት የጥርስን ሽፋን ይጠርጋል። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በልማድ በሚታወቅባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ችግሩ ያለው ከዕንጨቱ ሳይሆን ከአፋፋቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ ወይም ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጨዋወት የፊት ጥርሱን ብቻ ያነጣል። ሽፋኑ በብዛት የሚከማችባቸው መንጋጋዎችና የጥርስ የውስጥ ገጽታ ግን ሳይነኩ ይቀራሉ።

ትክክለኛው አሠራር ከባድ አይደለም። የትንሽ ጣት ውፍረትና የአንድ ስንዝር ርዝመት ያለው እርጥብ እንጨት ይቆረጣል። ጫፉ ተልጦ እንደ ብሩሽ እስኪበተን ድረስ ይታኘካል። ከዚያም ከድዱ ወደ ጥርሱ አቅጣጫ፣ በውጭም በውስጥም፣ በማኘኪያውም ገጽታ ላይ፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ በቀስታ ይፋቃል። በማግስቱ ያገለገለው ጫፍ ተቆርጦ ይጣልና አዲስ ጫፍ ይላጣል። መፋቂያ አይዋዋሱትም። የቁልቋል ዓይነት ወተት የሚያንጠባጥብ ወይም ባሕርዩ የማይታወቅ ተክል ለዚህ ተግባር መቆረጥ የለበትም። በከሰል፣ በአመድና በአሸዋ ጥርስን መፈተግም ልባሱን ስለሚያሳሳው ሊቀር ይገባዋል።

መፋቅ የሚያስፈልገው በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ማታ ከራት በኋላ ከመኝታ በፊት ያለው ነው። ሰው ሲተኛ ምራቁ ስለሚቀንስ ጥርሱ መከላከያ ያጣልና። አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ደግሞ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢጨምርበት ጥርሱ አሲዱን የመቋቋም ኃይሉ ይጠነክራል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ሕፃን የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። ሕፃናት እንዳይውጡት ወላጅ ሊቆጣጠራቸው ይገባል። ቆሎ ከመቆላቱ በፊት ጠጠሩን መልቀም፣ ቆርኪን በጥርስ አለመክፈት፣ ትምባሆ አለማጨስ፣ እነዚህም ያለ ምንም ወጪ ጥርስንና ድድን የሚያቆዩ ልማዶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ዛፉ ከሌለ መፋቂያው ከየት ይመጣል? ወይራ ለማገዶ፣ ለከሰል፣ ለአጥርና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ሲቆረጥ ኖሮ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። በተከላ ዘመቻ ከሚዘጋጁት ችግኞች መካከል ደግሞ ባሕር ዛፍ ሰፊውን ቦታ ሲይዝ ይታያል። ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለገቢ ይጠቅማል። ነገር ግን በየዓመቱ ከሚዘጋጀው ችግኝ ጥቂቱ ወይራና ሌላ የመፋቂያ ዕፅ ቢሆን የማኅበሩን ሥራ የሚያጓድለው ነገር የለም። የከተማ ነጋዴ መፋቂያ ፍለጋ ወደ ገጠር ሲመጣም ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ነቅሎ እንዲሄድ ከመፍቀድ ይልቅ፣ ቅርንጫፉ ብቻ በደንብ እየተቆረጠ ለማኅበሩ ወጣቶች የገቢ ምንጭ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሱቁ ነው። ቀደም ሲል የገጠሩ ሕዝብ ከከተሜው የተሻለ ጥርስ እንዲኖረው ከረዱት ነገሮች አንዱ ስኳር በየቤቱ አለመኖሩ ነበር። ዛሬ ግን መንገድ በገባበት ሁሉ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ አብሮ ይገባል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ እንደየዓይነቱ ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር ይገኛል። ጥርስን አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ውስጥ የሚደጋገምበት ጊዜ ነው። ከረሜላ ሲመጥ የሚውል ልጅ ጥርሱን ቀኑን ሙሉ በአሲድ እንደ ነከረ ይቆጠራል። ሱቁ ይዘጋ የሚል ሰው የለም። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤት በር ላይ ከረሜላ እንዳይሸጥ መወሰን፣ ለልጅ ጉርሻ የሚሆነው ቆሎ፣ እሸት ወይም ፍራፍሬ እንዲሆን ወላጆችን ማስተማር የማኅበሩ ሥልጣንና ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ብዙ ቦታዎች የልጆች ጥርስ ወደ ቡናማ ተለውጦና ተቦርቡሮ ይታያል። ይህ የቆሻሻ ጉዳይ ስላልሆነ በመፋቅ አይለቅም። ምክንያቱ በጉድጓድ ውሃው ውስጥ የሚገኘው የፍሎራይድ ብዛት ነው። ፍሎራይድ በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ገና በድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃናት ጥርስ ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን እስከ ማጉበጥ ይደርሳል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠፈሮች ይህ የአጥንት ጉዳት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐኪሞች የተመዘገበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የመጨረሻ ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ያከማቸዋል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የሚገኙ መሪዎች አዲስ ጉድጓድ ከመከፈቱ በፊት ውሃው እንዲመረመር መጠየቅ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምንም ማበረታታት ይገባቸዋል።

አራተኛውና ከሁሉም የከፋው በሕፃናት አፍ ላይ የሚፈጸመው ልማድ ነው። ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፣ ግግ አውጥቷል ተብሎ ድዱ በምስማር፣ በሽቦ ወይም በስለት ይፈለፈላል። ግግ ተብሎ የሚወጣው ነገር ትልም በሽታም አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ እንቡጥ ነው። ሕፃኑ በዚህ ሳቢያ ደሙ ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል። ስለቱ ከሕፃን ወደ ሕፃን ሲዘዋወርም ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። ከሞት የተረፈውም ልጅ ከሥሩ የሚበቅለው ቋሚ ጥርሱ ተጎድቶ ወይም ተጣሞ ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሕፃንን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ጠቅሶ ያስቀጣል።

እናት ልጇን ለግግ አውጪ የምትሰጠው ስለምትጠላው አይደለም፤ በተቅማጥ እንዳይሞትባት ስለምትፈራ ነው። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ ምትኩ ሊነገራት ያስፈልጋል። የሚያስቀምጠውን ሕፃን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ነውና፣ ጡት ሳይቋረጥ፣ ከጤና ኬላ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. እና የዚንክ ኪኒን ይሰጠዋል። ኦ.አር.ኤስ. በቅርብ ካልተገኘ፣ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ልክ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በማንኪያ እያጠጡ ወደ ጤና ኬላ መሄድ ይገባል።

ከዚህ ጋር ኖማ የሚባለው በሽታ ሊረሳ አይገባውም። ኖማ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባሉ፣ ምግብ ባነሳቸውና በኩፍኝ ወይም በሌላ በሽታ በተዳከሙ ሕፃናት ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ ሲጀምር የድድ መድማትና መቁሰል ብቻ ነው። በቀናት ውስጥ ግን ጉንጭን ይበሳል፤ ካልታከመም ከ10 ሕፃናት እስከ 9 የሚደርሱትን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በመጀመሪያው ደረጃ ከተደረሰበት በተለመደው የፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በተሻለ ምግብ ይድናል። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ልጁን መደበቅ አያስፈልግም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፣ ድዱ የቆሰለና አፉ የሚሸት የተጎሳቆለ ሕፃን በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

አንዳንድ መሪዎች ድርቅና የማዳበሪያ ዋጋ እያስጨነቀ ስለ ጥርስ ለመነጋገር ጊዜ የለም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በአጨዳ ሰሞን ጥርሱ ያመመው ገበሬ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ማጭድ ሊይዝ አይችልም። ቅርንፉድ ነክሶ ሕመሙን ለአንድ ቀን ቢያስታግስ በማግስቱ ይመለስበታል። በመጨረሻም በጉጠት ለሚነቅል ሰው ይሄዳል፤ ያልተቀቀለ ጉጠትም ከአንዱ የወሰደውን በሽታ ለሌላው ያቀብላል። ፊቱ አብጦ፣ አተኩሶት፣ መዋጥ ካቃተው ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የጥርስ ሐኪም በየወረዳው እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ከሁሉም የሚረክሰው መከላከል ነው። ለዚህም ብሩሽ ይላክልን ተብሎ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ ከማኅበራቱ መሪዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። በዓመቱ የችግኝ ዕቅድ ውስጥ ወይራና ሌላ የመፋቂያ ዕፅ እንዲገባ ማስወሰን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የአፋፋቁን ዘዴ እንድታሳይ ጊዜ መስጠት፣ ከመምህራን ጋር ተመካክሮ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን በትምህርት ቤት በኅብረት እንዲፋቁ ማድረግ፣ ግግ የሚያወጡትን ሰዎች ጠርቶ ጉዳቱን በማስረዳት ሥራውን እንዲተዉና የታመመ ሕፃን ሲመጣላቸው ወደ ጤና ኬላ እንዲልኩ ማግባባት፣ እምቢ ያለውንም በሕግ መጠየቅ ነው። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ የበጀት ፈቃድ የሚጠብቁ አይደሉም። የሚጠይቁት በሚቀጥለው ስብሰባ ከእርከኑና ከማዳበሪያው ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ አጀንዳ መያዝ ነው።