ፊት የሚያጠብቀው ማሽንና የደባርቅ ፀሐይ

ስለ ውበት ሕክምና ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «የጥጋብ ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ማስታወቂያውን አምኖ ገንዘቡን ቋጥሮ ይሄዳል። ሁለቱም «ማሽኑ ምን ይሠራል? ምንስ ያበላሻል?» ብለው አልጠየቁም።

የማወራው ያለ ቀዶ ሕክምና ቆዳ ስለ ማጥበቅ ነው። ሕክምናው የሚሰጠው አዲስ አበባ ቢሆንም ማስታወቂያው በቲክቶክና በቴሌግራም ደባርቅና ዳባት ድረስ ይገባል። ስለዚህ የእኛም ጉዳይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል። ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሌዘር የውስጠኛውን ቆዳ ያሞቃል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ኮላጅኑ ይኮማተራል። ከዚያ ሰውነት እንደ ቁስል ቆጥሮት በወራት ውስጥ አዲስ ኮላጅን ይሠራል።

ጥቅም የለውም ማለት ሐሰት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 የሬዲዮ ሞገዱን ለዓይን ዙሪያ መሸብሸብ፣ በ2009 ደግሞ አልትራሳውንዱን ቅንድብ ለማንሳት ፈቅዷል። ትንሽ ለረገበ ቆዳ ይረዳል። ለውጡ የሚታየው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ ዘላቂም አይደለም። ከወሊድ ወይም ከብዙ ክብደት መቀነስ በኋላ ለተንጠለጠለ ቆዳ እምብዛም አይፈይድም። «በአንድ ቀን አሥር ዓመት እንቀንሳለን» የሚል ካለ እየዋሸ ነው።

ጉዳቱስ? መቅላት፣ ማበጥና ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ሙቀቱ ሲበዛ ግን ቆዳ ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳ ይቀራል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ቀልጦ ፊት ሊጎደጉድ፣ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2025 መርፌ ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ስለሚያጣምሩ መሣሪያዎች ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ላይ ምት አስተካካይ መሣሪያ ያለበት ሰው የሬዲዮ ሞገዱ ፈጽሞ አይሆነውም።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የቆዳችን ጥቁር ቀለም የሌዘርን ብርሃን ይስባል፤ ልኩን የማያውቅ ሰው ከነካው ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ሬዲዮ ሞገድና አልትራሳውንድ የቆዳ ቀለም ስለማይመርጡ ይሻሉናል። እነሱም ቢሆኑ አቃጥለው ካቆሰሉ ያጠቁራሉ።

አሁን ወደ አገራችን ተራራ እንምጣ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ደባርቅ ላይ የሚያርፈው ጨረር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይበልጣል። ኮላጅንን የሚሰባብረው ደግሞ ይኸው ጨረር ነው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ የተሻለ ይቋቋማል፤ ጨርሶ አይጎዳም ማለት ግን አይደለም። ፊቷን በማሽን አስጠብቃ በባዶ ራሷ የሊማሊሞ ፀሐይ ላይ የምትውል ሴት፣ ጣራው እያፈሰሰ ወለል እንደሚወለውል ሰው ናት።

«ገበሬ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ሊውል ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይችልም። ባርኔጣ ማድረግ ግን ይችላል። እናቶቻችን ገበያ ሲወርዱ የሚይዙት ዣንጥላ ከብዙ ውድ ክሬም ይበልጣል። አቅም ላለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት አለ።

ውበት መፈለግ ነውር አይደለም። ነውሩ ፊት የሚያቃጥል መሣሪያ ባልሠለጠነ እጅ ሲገባ ዝም ማለት ነው። የሕክምና መሣሪያን መቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ ሥራ ነው። ባለሥልጣኑ የትኛው ማሽን እንደተመዘገበ ማንም በስልኩ ሊያየው በሚችል መንገድ ይዘርዝር። የጤና ቢሮዎችም በሽያጭ ሠራተኛና በፀጉር ቤት እጅ የሚሠራውን ያስቁሙ።

እስከዚያው መሄድ የምትፈልጉ አራት ነገር ጠይቁ። ማሽኑን የሚይዘው የቆዳ ሐኪም ነው? ማሽኑ ተመዝግቧል? እንደ እኔ ቆዳ ባለው ሰው ላይ የሠራችሁትን ታሳያላችሁ? ብቃጠልስ ማን ያክመኛል? ለአራተኛው በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ገንዘባችሁን አይቀበል። የአዲስ አበባን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊትም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም አማክሩ። ምናልባት «አያስፈልግሽም» ይላችኋል። እሱም ሕክምና ነው።