ላም አለኝ በሰማይ

በዚህች አገር ከሩቅ ሆኖ ለማስተማር ያልተሞከረ ዘዴ የለም። ሬዲዮው መጣ፤ ሞጁሉ መጣ፤ ፕላዝማው መጣ፤ በኮሮናው ዘመን የቴሌቪዥንና የቴሌግራም ትምህርት መጣ፤ አሁን ደግሞ ተራው የኦንላይን ሥልጠና ሆኗል። ሁሉም ሲመጣ ነጋሪት ተጎስሞለታል፤ ሲሞት ግን ለቅሶ የደረሰው የለም። በምን እንደ ሞተ የጠየቀም ጥቂት ነው። ቀጣዩ መሣሪያ እስኪመጣ ዝም ይባላል፤ ከዚያ ሌላ ነጋሪት ይጎሰማል።

«ለምን አልሠራም?» ብሎ ለሚጠይቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። መብራት የለም፤ ኔትወርክ የለም፤ መንገድ የለም፤ በጀት የለም። እርግጥ ነው፤ በብዙ ቦታ የለም። ነገር ግን ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለመሸሸጊያ ይመቻል። መብራት ባልተቋረጠበት ትምህርት ቤትም ፕላዝማው የተባለለትን ፍሬ አላፈራም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ትምህርት ሁሉ የወደቀው መምህሩ እንዲሰማ እንጂ እንዲናገር ተደርጎ ስላልተሠራ ነው። ርቀት ማለት የኪሎ ሜትር ብዛት አይደለም። ርቀት ማለት ጠይቆ መልስ ማጣት ነው።

ክርክሩን ካፋ ላይ እናቁመው። ካፋን የመረጥነው ለሰበብ ስለማይመች ነው። ዋና ከተማው ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ አለው፤ በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ በካፊ ኖኖ የሚናገር ኤፍ ኤም ሬዲዮ መስማት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫዎቹ አንዱ ሆኗል። ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሬዲዮና የክልል መንግሥት አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኝተው ከሩቅ ማስተማር ካልተቻለ፣ ለመሆኑ የት ሊቻል ነው?

ይሁንና ከቦንጋ ወጥታችሁ ወደ ዴቻ ቆላ ብትወርዱ፣ ወይም ወደ ጌሻና ወደ ሳይለም ደጋ ብትወጡ፣ እዚያ ያለው መምህር ጥያቄውን የሚያደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። መመሪያው ከሚኒስቴሩ ወደ ክልሉ ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ዞኑ መምሪያ፣ ከመምሪያው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳው ወደ ጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ ከሱፐርቫይዘሩ ወደ ርእሰ መምህሩ ይወርዳል። መሰላሉ ለመውረጃ የተሠራ ነው። ጥያቄ ይዞ በዚሁ መሰላል ልውጣ ያለ መምህር፣ ገና ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ጥያቄው «ሪፖርት» ተብሎ ይቀየራል። ሪፖርት ደግሞ ቁጥር እንጂ ጥያቄ አይሸከምም።

ያለፈው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሲሄድ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። በዘመቻው ላይ ብዙ ነቀፋ መደርደር ይቻላል፤ ሆኖም ገበሬው ፊደል ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ከፊቱ ቆሞ ነበር። የትምህርት ሬዲዮውም ቢሆን በደኅና ዘመኑ ብቻውን አልመጣም። ከስርጭቱ ጋር የመምህሩ መምሪያ ይታተም ነበር፤ መምህሩ ከፕሮግራሙ በፊት ያዘጋጃል፣ ከፕሮግራሙ በኋላ ያብራራል። ለታናናሾቹ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትምህርትማ ልጆቹ እንዲመልሱ በመሐል ፋታ ይተው ነበር። ያቺ የዝምታ ፋታ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ከሩቅ ያለው ድምፅ «እናንተም እኮ አላችሁ» ያለባት ቦታ ናት።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው ሲመጣ ይህች ፋታ ጠፋች። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ በሳተላይት ከሰማይ ወረደ። የክፍለ ጊዜውን ጅማሮና ፍጻሜ ለመምህሩ ጥቂት ደቂቃ ተዉለት፤ መሐሉን ስክሪኑ ወሰደው። ተማሪው ባይገባው ስክሪኑ አይቆምም። መምህሩም ማቆም አይችልም፤ ስርጭቱ በአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚሄድ ነውና። የታችኛውን ክፍል በካፊ ኖኖ የጀመረ፣ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማረ የካፋ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ጎርፍ የሚያወርድ ሰው ከሰማይ ተላከለት። ልጁን የሚያውቀው፣ የትኛው ቃል እንዳደናቀፈው ከፊቱ የሚያነበው መምህር ደግሞ ጥግ ይዞ ቆመ። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ዘመን የተተወ ይመስላል።

የፕላዝማው ጉዳት የዋጋው ብቻ አልነበረም። መምህሩን በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ አደረገው። ለዓመታት «አንተ ዝም በል፣ የሚያውቀው ይናገራል» የተባለ ሰው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ወዲያው ተነሥቶ እንዲናገር መጠበቅ የዋህነት ነው።

ተማሪው በሳተላይት ሲማር መምህሩ ራሱ በሞጁል ይማር ነበር። የሰርተፊኬት መምህር ወደ ዲፕሎማ ይደግ ተባለ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መንገዱ ክረምትና ርቀት ሆነ። በርቀቱ የተማረው ሰው ቀን አስተምሮ፣ ማታ ሞጁሉን አንብቦ፣ የቤት ሥራውን ጽፎ ይልካል። ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው። ከላከው ወረቀት ላይ ማን ምን ብሎ ጻፈለት? «ይህን አስተካክል፣ ይህ ጥሩ ነው» የሚል የሰው እጅ ጽሑፍ ተመለሰለት ወይስ ነጥብ ብቻ? መልስ የማይመለስበት የርቀት ትምህርት ትምህርት አይደለም፤ የወረቀት ግዢ ነው።

መንግሥትም የጥራቱ ነገር ስላሰጋው በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በመንግሥትም በግልም የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን የርቀት ትምህርት በአንድ ውሳኔ ከለከለ፤ የግል ተቋማትንም ከመምህራን ሥልጠና አስወጣ። ከወራት በኋላ የርቀቱ እገዳ ላላ። ልብ በሉ፤ ትናንት «ተማርበት» የተባለው ነገር ዛሬ ተከለከለ፣ ነገ ደግሞ ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ ተማሪው መምህር ተጠይቆ ነበርን? ጉድለቱ የት እንዳለ ከእርሱ የተሻለ ማን ያውቅ ነበር? «የርቀት ዲፕሎማ» የሚለው ስም ግን የስድብ ያህል ሆኖ እርሱ ላይ ቀረ። የተማረበትን ሥርዓት ያልሠራ ሰው የሥርዓቱን ነውር ተሸከመ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ቀረ። የአንደኛ ደረጃው በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን ይማር ተባለ። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራው በቴሌግራም ጎረፈ። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ኢንተርኔቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋረጠና ለሦስት ሳምንታት ያህል ጨለማ ሆነ። በአንድ እጁ «በኦንላይን ተማሩ» የሚል መንግሥት በሌላው እጁ መስመሩን ሲቆርጥ፣ ተማሪውና መምህሩ የትኛውን እጅ እንዲያምኑ ነበር? ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ፣ ልጆቹ በእነዚያ ወራት ምን እንደ ተማሩና ምን እንደ ረሱ አንድ በአንድ ማጣራት የወደቀው በክፍሉ መምህር ላይ ነው። ሬዲዮው አይጠየቅም፤ ቴሌቪዥኑም አይጠየቅም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ማንም ያላቀደውን አንድ ነገር እንመልከት። መምህራን በገዛ ስልካቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ቡድን መሥርተዋል። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ክፍል ሲገባ በብዙ ትምህርት ቤት የታተመ መጽሐፍ ስላልደረሰ፣ የመጽሐፉ ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። ዓመታዊ ዕቅድ፣ የፈተና ጥያቄ፣ የሒሳብ አፈታት በቴሌግራም ይዘዋወራል። የዚህም እንከን ግልጽ ነው። የአዲስ አበባን ዕቅድ ቃል በቃል ገልብጦ ለጌሻ ተማሪ ማቅረብ ማስተማር አይባልም፤ ስሕተት ያለበት የፈተና መልስም ከትክክለኛው እኩል ይሮጣል። ነገር ግን አንድ አዲስ ነገር አለው። አንዱ መምህር «ይህ አልገባኝም» ሲል፣ ሌላው መምህር ይመልስለታል። ሬዲዮው በጨረፍታ የነካውን፣ ሞጁሉ ያጎደለውን፣ ፕላዝማው የከለከለውን ነገር መምህራኑ ራሳቸው ጀምረውታል። የርቀት ትምህርት እድገት የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ፈልጉት፤ በምረቃ ሪባን ላይ አታገኙትም።

ባለሥልጣናቱ ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ስሙ ራሱ ቁጥር ነበር። ኮምፒዩተር መማር መልካም ነው፤ ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ሥልጠና በሰርተፊኬት ብዛት ሲመዘን፣ የዴቻው መምህር የሚታየው እንደ አንድ አሃዝ ነው። የወሰደውን ነገር በየትኛው ኮምፒዩተር፣ ለየትኛው ክፍል እንዳዋለው የሚጠይቀው አይኖርም።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ይህን አነጋገር እንደማይወዱት አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ «ችግሩ መሣሪያ ነው፤ ታብሌቱ ሲገዛ፣ ኔትወርኩ ሲዘረጋ ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉት ናቸው። ለእነዚህ መልሴ ፕላዝማው ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ስክሪን፣ ያ ሁሉ ሳተላይት ነበረን፤ የጎደለው የሚሰማ ጆሮ ነበር። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ርቀት ብሎ ትምህርት የለም፤ መምህር ክፍል ገብቶ፣ ጠመኔ ይዞ ይማር» የሚሉት ናቸው። እነዚህ የሚናገሩት ለከተማ ሰው ነው። የሳይለም መምህር ልጆቹን ጥሎ ሁለት ዓመት ቦንጋ ቢቀመጥ፣ ክፍሉን ማን ይይዝለታል? ለእርሱ ከሩቅ መማር ምርጫ ሳይሆን ያለው ብቸኛ በር ነው። በሩ ስለተበላሸ በር አያስፈልግም አይባልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ የርቀት ሥልጠና ኃላፊነት ለቅርቡ ይሰጥ፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባል የለ። የቦንጋው ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ለየወረዳው ስሙና ስልኩ የታወቀ አስጠኚ ይመድቡ፤ ጥያቄ በስንት ቀን መልስ እንዳገኘ ይመዝገብ፤ አስጠኚው በወር አንድ ቀን ጉድኝት ማዕከሉ ድረስ ሄዶ መምህራኑን ፊት ለፊት ይያቸው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ኢንተርኔት ሲኖርም ሳይኖርም የሚሄድ ይሁን። በሜሞሪ ካርድ የሚገለበጥ፣ በሬዲዮ የሚሰማ፣ በወረቀት የሚታተም ይሁን፤ ለታችኛው ክፍል መምህር ደግሞ ምሳሌው በካፊ ኖኖ፣ ስለሚያውቀው ደንና ስለሚያውቀው ቡና ይሁን። ሦስተኛ፣ መምህሩ ለሥልጠና የሚያወጣው የኢንተርኔት ገንዘብና ጊዜ እንደ ሥራ ይቆጠርለት። የቢሮ ሰው ለስብሰባ አበል ሲከፈለው ነውር ያልሆነው፣ ለመምህር ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

ይህ ቅንጦት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ፤ ጣቱንም ወደ መምህሩ ቀሰረ። ያ መምህር ግን በመልስ አልባ ሞጁል ተምሮ፣ በፕላዝማ ዝም ተሰኝቶ፣ በኮሮና ብቻውን ቀርቶ፣ በራሱ ካርድ መጽሐፍ አውርዶ የሚያስተምር ሰው ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ልጆች በእጁ ናቸውና። ነገር ግን የሚጠየቅ ሰው የመጠየቅም መብት አለው። ይህ መብት እስካልተከበረ ድረስ የሚቀጥለው መሣሪያም፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ሌላ የሰማይ ላም ነው። ላሟን ከሰማይ ማውረድ የሚቻለው ደግሞ «ምን ይጎድልሃል?» ብሎ የዴቻውን መምህር በመጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው በመስማት ነው።