ጎመን በባልዲ

በዚህ አምድ ስለ ጓዳ ነገር በተጨዋወትን ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጎመን ከየት ላምጣ?» የሚል። እሑድ የምትወጣ እኅት የሐበሻ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደርሳ የተገኘውን ትገዛ ይሆናል። መውጫ ቀን የሌላት ግን ገንዘቡ ቢኖራት እንኳ ጎመን እንደናፈቃት ዓመቱ ይዞራል። ስለዚህ ዛሬ መግዛቱን ትተን ስለ መዝራት እናውጋ። ቦታው በረንዳ፣ እርሻው ባልዲ ነው።

የምንናገረው ስለ ሊባኖስ የባሕር ዳርቻ፣ ከትሪፖሊ ጀምሮ በቤይሩትና በሰይዳ አልፎ እስከ ሱር ስላለው አገር ነው። ተራራው ላይ የምትሠሩ፣ በረዶ የሚወርድባችሁ እኅቶች ወሩ ስለሚለይባችሁ ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቁ።

መጀመሪያ ከልባችን ማውጣት ያለብን የአገር ቤቱን ወቅት ነው። እኛ የምናውቀው በሰኔ ዘንቦ በመስከረም ሲያባራ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ጠብታ የለም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ የሚመጣው በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው፤ እስከ መጋቢትም ይቆያል። በባሕሩ ዳርቻ ክረምቱ ለስላሳ ስለሆነ የጥር ሌሊት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይወርድም። ይህ ለጎመን የአዲስ አበባ አየር ማለት ነው። በጋው ደግሞ ወበቅ ነው፤ ጎመን ሙቀት ሲበዛበት ቅጠሉን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል፣ ይመራል፣ ተባይም ይወርሰዋል። ሚያዝያ ላይ ዘርታ አልሆን ሲላት «የዚህ አገር አፈር ጎመን አይወድም» የምትል እኅት አትጠፋም። አፈሩ አይደለም፤ ወሩ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ዝሩ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የተዘራው ለሁዳዴ ይደርስላችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በረንዳው የማን ነው? ቤት ተከራይታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትኖሩ ጥያቄው አይከብዳችሁም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ የገበያው ዋጋ ከናረ ወዲህ አራት አምስት ባልዲ ቅጠል ለወጣችሁም ይረዳል። በአሠሪ ቤት ያላችሁ ግን በሰው በረንዳ ላይ ሳትጠይቁ ምንም አታኑሩ፤ ነገር ያመጣል። ማዳም ደስ ባላት ሰዓት «እዚህ ጥግ አንዲት ባልዲ አኑሬ የአገሬን ቅጠል ብዘራ ምን ይመስልሻል?» በሏት። አንዲት ነው ያልነው። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ለማዳም ባቅዱነስና ናዕናዕ ዝሪላት፤ ደስ ሲላት የራስሽን ትፈቅድልሻለች» ብሎ ይመክራል። ይሠራ ይሆናል፤ እኛ ግን አንወደውም። ታቡሌ በየጊዜው በሚከተፍበት ቤት ባቅዱነስ ያበቀለች ሠራተኛ፣ ነገ የበረንዳው አበባ ሁሉ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የማዳም እናት ቤት አትክልት ሥራዋ ይሆናል። እኩለ ሌሊት ላይ ለምትተኛ እኅት ሌላ ያልተከፈለበት ሥራ መጨመር ምን ይጠቅማታል? ባልዲዋ የእናንተ ትሁን፤ ትንሽ ትሁን፤ ሥራ ስትቀይሩ በእጀታዋ አንጠልጥላችሁ የምትሄዱባት ትሁን። እምቢ ካለችም አትከራከሩ፤ በብርጭቆ የሚበቅልም አለ፤ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ባልዲዋን ወለል ላይ አኑሩ። ከበረንዳው ብረት ውጭ አታንጠልጥሉ፣ ከብረቱ በላይም አታስቀምጡ። እርጥብ አፈር የሞላው የ20 ሊትር ባልዲ ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከፎቅ ሲወድቅ ሰው ይገድላል። ወንበር ላይ ወጥቶ ከብረቱ ማዶ መንጠራራትም ፈጽሞ አይሁን። መስኮት ሲያጸዱና ልብስ ሲያሰጡ ወድቀው የቀሩብንን እኅቶች እናውቃለንና በዚህ ላይ ቃል አናበዛም።

ባልዲውን መግዛት አያስፈልግም። ለበኔና የተዘፈዘፈ ወይራ የሚመጣበት ፕላስቲክ በየቤቱ ይጣላል። የወይራ ዘይት ጠነኬም ይሆናል፤ ነገር ግን ይዝጋል፣ ፀሐይ ላይ ሲውልም ሥሩን ያግላል። ክሎር ወይም የወለል ማጽጃ የነበረበትን ዕቃ ተዉት። ሥሩን 6 ወይም 7 ቦታ ብሱ፤ ከታች ሳሕን አድርጉለት። ጭቃው ከታች በተሰጣ የጎረቤት ልብስ ላይ የተንጠባጠበ ቀን የባልዲዋ ዕድሜ ያልቃል። አፈር ከመንገድ ዳር አትዛቁ፤ የመኪና ጭስ የጠጣ ነው፣ ባልዲ ውስጥም እንደ ጡብ ይደርቃል። አበባ የሚሸጡ ሰዎች በከረጢት የታሰረ አፈር አላቸው፤ «ቱራብ» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ውኃ ግን ትንሽ እንቆይ። በቤይሩት ብዙ ሕንፃዎች የጉድጓድ ውኃ ይጠቀማሉ፤ ከጉድጓዱ አብዝቶ ስለሚቀዳ የባሕሩ ውኃ በምድር ውስጥ እየገባበት ጨው ጨው ይላል። ፊታችሁን ስትታጠቡ ከንፈራችሁ ላይ ካወቃችሁት ተክሉም ያውቀዋል፤ የቅጠሉ ዳር እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ይሆናል። መድኃኒቱ ዝናብ ነው። ሌላ ዕቃ ደጅ አውጥታችሁ የዝናብ ውኃ አጠራቅሙ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ከሥሩ እስኪወጣ ድረስ አፍስሱለት፣ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል። በሳሕኑ የተጠራቀመውንም ድፉት። ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውኃ ይሆናል፤ ሰላጣ በጨውና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈበት ግን አይሆንም። በረንዳው ጣሪያ ካለው ውጭ ዶፍ እየወረደ የእናንተ ባልዲ ደርቆ ሊሞት ይችላልና ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ከደረቀ አጠጡ፣ ከረጠበ ተዉት።

ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት። በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። አሥር ሲበቅሉ አሥሩንም ለማሳደግ መሣሣት አለ፤ በ20 ሊትር ባልዲ ግን ሁለት ይበቃሉ። ሌሎቹን ለጋ ሳሉ እየነቀላችሁ ብሉ። ከሁለት ወር በኋላ ከታች ካለው ትልቁ ቅጠል ጀምራችሁ ቀንጥሱ፤ እምብርቱን ካልነካችሁ እስከ ሚያዝያ ይመግባችኋል። ከቅጠሉ ሥር የሚርመሰመስ ክሽክሽ ብታዩ በውኃ እጠቡት፤ አባጨጓሬውን በእጅ ልቀሙ። የበረሮ መርጫ በምትበሉት ነገር ላይ እንዳታደርጉ። ፀሐይ በቀን 4 ወይም 5 ሰዓት ካገኘ ይበቃዋል።

ባቄላና ነጭ ሽንኩርት እንደዚሁ በጥቅምትና በኅዳር ይተከላሉ። ድንብላል ከቅመም ዕቃው ውስጥ ያለው፣ ያልተቆላና ያልተፈጨ ከሆነ፣ ሊበቅል ይችላል፤ ፍሬውን ለሁለት ከፍላችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። በረንዳ ለተከለከላችሁ ደግሞ ይኸው፦ የናዕናዕ ቀንበጥ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በሳምንት ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ የአረንጓዴ ሽንኩርት ሥሩን ሳትጥሉ በብርጭቆ ብታቆሙት ቅጠሉ ተመልሶ ይወጣል። ውኃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

የሐበሻ ጎመን ዘር ከየት? ከአገር ቤት በሻንጣ አስመጡ አንልም፤ ዘር ድንበር ሲሻገር የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ይጠየቅበታል። እስኪገኝ ድረስ በየዘር ሱቁ ያለውን ሲልቅ፣ እኛ ቆስጣ የምንለውን ዝሩ። የብሮኮሊ ችግኝም ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። አበባ ጎመን ሲገዛ እየተቆረጠ የሚጣለውን ለጋ ቅጠልስ ማን ጣሉት አላችሁ? በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሞክሩት። ዘሩ ያላት እኅት ግን በሚያዝያ አንዲት ተክል ሳትቆርጥ ትተዋት፤ ቢጫ አበባዋ ቆይቶ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬው ደርቆ ሲያረጅ ከአንዲቷ ብቻ ለብዙ ባልዲ የሚተርፍ ይወጣል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ወሩንና ዓመቱን ጻፉበት፤ ከምድጃ አጠገብ አታኑሩት። ግማሹን ለጓደኛችሁ ስጡ፤ የእናንተ ቢበላሽ ከእርሷ ትወስዳላችሁ። ስለ ቃሪያ ለጠየቃችሁ፣ እርሱ የሚዘራው በየካቲት ነውና ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።