ይቅርታ ከየት ይጀምራል?



አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ በምናስተምርበት ት/ቤት በር ላይ የአንዲት ተማሪያችን እናት ቆመው ጠበቁን። በእጃቸው አራት ታጥፎ ጠርዙ የተበላ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘዋል። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ኪታቡንም የመንግሥቱንም ትምህርት ያውቃሉና ለባለቤቴ የይቅርታ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው በእርሻ ድንበር ጠብ የሰው ሕይወት አጥፍቶ 15 ዓመት ተፈረደበት። 10 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ተፈታ። ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። «ተፈታ ይባላል እንጂ አልተፈታም» አሉን እናት። «ገበያ ላይ ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ሸቀጡን ጥሎ ወደ ቤት ይመጣል። ሌሊት በር ከተንኳኳ ቀድሞ የሚፈልገው ጫማውን ነው። ልጆቹም ይህንኑ እያዩ ያድጋሉ።»

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የሚያምታቷቸውን ሦስት ቃላት መለየት ይገባል። እነርሱም አመክሮ፣ ይቅርታና ምህረት ናቸው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት አንድ እስረኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከፈጸመና ጠባዩ ከታረመ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አመክሮ ግን ፈተና ነው። ሰውየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ወንጀል ቢሠራ ወይም የተጣለበትን ግዴታ ቢያፈርስ የቀረውን ቅጣት እንዲፈጽም ወደ ወህኒ ሊመለስ ይችላል። ይቅርታ የሚነካው ቅጣቱን ነው፤ በሙሉ ወይም በከፊል ሊያስቀር፣ ወይም ሊያቀል ይችላል። የፍርዱ መዝገብ ግን እንዳለ ይቆያል። ምህረት ደግሞ ጥፋቱንም መዝገቡንም እንዳልነበረ ያደርጋል። ሁለቱም ቢሆኑ የተበዳይን የካሣ መብት አይሽሩም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። ክልሎችም የየራሳቸው የይቅርታ ሥርዓት አላቸውና በቅድሚያ መታየት ያለበት ፍርዱን የሰጠው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው። ስለ ይቅርታ አሰጣጥ በወጣው ሕግ ጥያቄውን ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውም ማቅረብ ትችላለች። ስለዚህ እኚህ እናት የመጡት በማይመለከታቸው ጉዳይ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «እሱ እንዳልገደለ፣ ሰው በሐሰት እንደመሰከረበት አድርገው ይጻፉልኝ» አሉን። እኛም እምቢ አልን። ተፈርዶብኛል እንጂ አላጠፋሁም የሚል ሰው መንገዱ ይግባኝ ነው። ይቅርታ የሚጠየቀው ጥፋትን አምኖ ነው። በውሸት የተገኘ ይቅርታ ሊሻር እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። ይቅርታ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ሊሻር እንደሚችል ሀገር ያየው ነገር ነው። የፖለቲካ ፓርቲ መሪ የነበሩት ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈተው፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታውን የጠየቁበት ሁኔታ አከራክሮ ተሽሮባቸው ወደ እስር ተመልሰዋል። እንደገና የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው።

እናት ዝም አሉ። እኛም ትንሽ ቆይተን «የሟችን ቤት ሄዳችኋል?» ብለን ጠየቅን። አንገታቸውን ደፉ። «በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አናልፍም።»

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንሸሽግ አንፈልግም። ከዓመታት በፊት ለሌላ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፈን ነበር። ሦስት ገጽ፣ ቃላቱ የተመረጡ፣ የልጆቹ ችግርና የሚስቲቱ እንባ አንድም ሳይቀር የሰፈሩበት ነበር። መልስ ሳናገኝ ስንቀር ሰው አማን፤ ወረቀቱን ደግመን ስናነበው ግን የሟች ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። ለእኛ ቤት አልቅሰን የሌላውን ቤት ለቅሶ ረስተን ነበር።

በኢስላም የሰው ሐቅ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 178ኛው አያ ስለ ነፍስ ማጥፋት በደነገገበት ቦታ የይቅርታን በር የከፈተው ለሟች ወገን ነው። ይቅር የተባለውም ካሣውን በመልካም ሁኔታ እንዲያደርስ አዟል። በሀገራችን ሕግ የቤተሰቡ ይቅርታ መንግሥትን አያስገድድም፤ ሆኖም ዕርቅና ጸጸት በይቅርታ ጥያቄ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ከወረቀቱም በላይ ለቂያማ የሚበጀው ይኸው ነው።

ስለዚህ ማመልከቻውን አቆይተን ወደ ሽማግሌዎች ሄድን። በወሎ ደም የሚያደርቁ አባጋሮች እንዳሉ ይታወቃል። እነርሱም ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ሁለት ጊዜ በሩ አልተከፈተም። በሦስተኛው የሟች እናት ወጥተው «ልጄን አትመልሱልኝም። ሽማግሌም አልፈልግም። ራሱ መጥቶ በአፉ ይንገረኝ» አሉ።

ሰውየው ሄደ። ሚስቱ ከኋላው፣ እኛም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበርን። ያለው ነገር አጭር ነው፦ «እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።» አሮጊቷ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ሸምተሃል?» አሉ። «ሽበትህን አየሁት። የእኔ ልጅ ሽበት አላየም።» ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ነገር ግን ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ሽማግሌዎቹም ዱዓ አደረጉ። ካሣውን በየመኸሩ ሊከፍል ተስማሙ።

ማመልከቻውን የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ገጽ ብቻ ሆነ። ጥፋቱ በግልጽ ተነገረ፣ የሟች ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ተጻፈ፣ የዕርቁ ሰነድና የወህኒ ቤቱ የጠባይ ማስረጃ ተያያዘ። መልሱ ገና አልመጣም፤ እምቢታም ሊሆን ይችላል። የተማሪያችን እናት ግን ባለፈው ሳምንት ሲያገኙን «አሁን በዚያ መንገድ እናልፋለን» አሉን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የትዳር ጓደኛችሁ በዚህ ፈተና ውስጥ ካለ ስለ እርሱ መጠየቅ መብታችሁም ውዴታችሁም ነው፤ ጠይቁ። ወረቀቱ ግን እውነት ይሁን። ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊትም ወደ በደላችሁት ቤት ሂዱ። እናንተም ወጣቶች፣ አንድ ክንድ መሬት ሁለት ቤት እንዳፈረሰ ልብ በሉ፤ ቁጣ ሲመጣ ውዱእ አድርጉ፣ ተቀመጡ።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታ፣ የተበደሉትን ይካስ። ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።