በውሰት ትንፋሽ እስከ መቼ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማንኮራፋት ነው። ሳቃችሁ አይደል? እኛ ዘንድ ማንኮራፋት የቀልድ ጉዳይ ነው። ባል ያንኮራፋል፣ ሚስት ትራሷን ይዛ ሳሎን ትወጣለች፣ ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ላይ “ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?” ይላል። ተስቆ ያልፋል። የሚያስፈራው ግን ያ ወፍጮ ድንገት ጸጥ ሲል ነው።

ሰሞኑን አንዲት አንባቢያችን ደብዳቤ ልካልኛለች። “ስሜም ሰፈሬም እንዳይጠቀስ” ስላለች አይጠቀስም። ዕድሜዋ 26 ነው፤ ካገባች 2 ዓመቷ። ባለቤቷ ሜትር ታክሲ ይነዳል፣ ያውም ማታ ማታ። እንዲህ ትላለች፦

“ሌሊት ያንኮራፋ ያንኮራፋና ጭጭ ይላል። እኔ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። 10… 15… 20… ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ይስባል። ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቀን በተቀመጠበት ያሸልባል። ባለፈው ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶት ከኋላ ያሉ መኪኖች ናቸው በክላክስ የቀሰቀሱት። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ተመርምሮ ስሊፕ አፕኒያ ነው፣ ትንፋሽህ በሰዓት 34 ጊዜ ይስተጓጎላል አሉት። ሲፓፕ የሚባል ማሽን ታዘዘለት።

“አጎቱ ዋሽንግተን ነው የሚኖሩት፣ እሳቸውም ይሄው በሽታ አለባቸው። እዚያ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን አዲስ አበባ ትተውታል፤ ለገናና ለጥምቀት ሲመጡ ይተኙበታል። ‘እኔ እስክመጣ ተጠቀምበት’ አሉት። እኔ ደግሞ ዕቁብ ደርሶኛል፣ የራሱን እንግዛ ባይ ነኝ። እሱ ‘በነፃ እያለ ምን አስገዛን? ዕቁቡ ለጎማና ለፍሪጅ ይሁን’ ብሎ ድርቅ አለ። ምን ትለኛለህ?”

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ስለዚህ ነገር አንብቤያለሁ፣ ጠይቄያለሁም። እናም ባልሽም ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ልዩነታችሁ የጊዜ ጉዳይ ነው። እንዴት? ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ በሽታው። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻ ይላላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከመጠን በላይ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፣ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል። ሰውዬው መንቃቱን እንኳ አያውቀውም! ይሄ በሰዓት ከ5 እስከ 14 ጊዜ ከደረሰ ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። የባልሽ 34 ነው። ቁጥሩን ደግመሽ አስነብቢው። ዝም ከተባለ ደም ግፊት ያስከትላል፣ ልብ ይጎዳል። ከሁሉ በፊት ግን መሪ የያዘ ሰው ነው።

ማሽኑስ? ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ከሲድኒ ለዓለም ያስተዋወቀው ነገር ነው። የመጀመሪያውን የሠራው በቫኪዩም ክሊነር ሞተር ነበር። ሥራው ቀላል ነው፦ ሞተሩ አየር ይገፋል፣ አየሩ በቱቦ ሄዶ አፍንጫ ላይ በታሰረ ማስክ ይገባል፣ ጉሮሮን ከፍቶ ይይዛል። ነገር ግን በሽታውን አይነቅለውም። ያደረገው ሌሊት ይሠራል፣ ያላደረገው ሌሊት በሽታው ይመለሳል። ይህቺን አረፍተ ነገር ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ውሰቱ እንምጣ። ሞተሩ ይዋሳል። ማስኩ አይዋስም። በየፊቱ ልክ የሚመረጥ ነው፣ ካልገጠመ አየር ያፈሳል፣ ንጽህናውም አለ። ስለዚህ ማስኩን፣ ቱቦውንና ፊልተሩን አዲስ ይግዛ። ግፊቱም አይዋስም። የሲፓፕ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሚባል መለኪያ ነው የሚሞላው። ለአጎትየው 14 የተሞላው ለባልሽ 8 ሊሆን ይችላል። ካነሰው ጉሮሮው ይዘጋል፣ ከበዛበት ሆዱ በአየር ይነፋና በሦስተኛው ቀን አውልቆ ይጥለዋል። የሰው መነጽር አድርጎ እንደመንዳት ነው። ማሽኑን ተሸክማችሁ ወደመረመረው ሐኪም ሂዱ፣ በእሱ ልክ ያስተካክልላችሁ።

አሮጌ ማሽን ሲሆን ደግሞ የሚታዩ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስሙና ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፊሊፕስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን እንዲመለሱ ጠርቷል። ድምፅ እንዲቀንስ ውስጣቸው የገባው ስፖንጅ እየተበላሸ ብናኙ ወደ ተኚው ሳንባ ሊገባ ይችላል ተብሎ ነው። የአጎትየው ማሽን ከነዚያ አንዱ እንዳይሆን መለያ ቁጥሩን ደውላችሁ ይዩት፣ እዚያው አሜሪካ ሆነው ማጣራት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ዕድሜው። አንድ ማሽን በአብዛኛው 5 ዓመት ያህል ነው የሚታሰብለት። ሦስተኛ፣ መብራቱ። የኃይል ማስገቢያው ላይ “100-240” የሚል ከተጻፈ የእኛን 220 ይችላል፤ “120” ብቻ ከሆነ ግን እንዳትሰኩት! አራተኛ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አንዳንዱ ማሽን እስከ 2,286 ሜትር፣ አንዳንዱ እስከ 2,591 ሜትር እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ከሆነ ቤታችሁ ይሄ ነገር የዋዛ አይደለም።

እሺ፣ ሁሉም ተሟላ እንበል። “በሰው ወርቅ አይደምቁም” ይባላል፤ በሰው ሲፓፕ ግን አንድ ወር መተኛት ይቻላል። እንዲያውም ጥሩ ነው! ብዙ ሰው ማስኩን መልመድ ያቅተዋል። ማሽኑ ባልሽ ስንት ሰዓት እንደተጠቀመ፣ ትንፋሹ አሁንም ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ይመዘግባል፤ ሐኪሙ ያንን ያየዋል። ባልሽ ካልቻለ የዕቁቡ ብር ተረፈ፣ ሌላ መላ ይፈለጋል። ከቻለስ?

ከቻለ ያቺን አረፍተ ነገር አስታውሺ፦ ያላደረገው ሌሊት በሽታው ይመለሳል። ገና ሲደርስ አጎትየው ይመጣሉ። በሽተኛ ናቸው፣ ማሽኑም የራሳቸው ነው፣ “ትንሽ ይቆዩልን” አይባሉም። እሳቸው ሸጋ እንቅልፍ ሲተኙ ባልሽ ወደ 34ቱ ይመለሳል። ያውም መቼ? ገና ዋዜማና ጥምቀት ላይ፣ ገበያው በደራበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ! ሰውዬው ደግ ስለሆኑ “አንተ ተኛበት” ብለው እሳቸው ባዶ ቢተኙስ? እሱም ሌላ ጣጣ ነው። የሚመለስበት ቀን ያለው ዕቃ፣ የማይሄድ በሽታ አያስታምምም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው፦ ለመሞከር ተዋሱ፣ ለመኖር ግዙ። ዕቁቡ ለጎማ እንዳይወጣ ባንክ አስቀምጪው። አንድ ወር ተሳክቶለት ከተኛ፣ አጎትየው ሳይመጡ የራሱ ይገዛ። ስትገዙ የሞተሩን ዋጋ ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። ማስኩ ተጨምሮ ነው? ፊልተር ሲያልቅ ከየት ይገኛል? ሲበላሽ የሚጠግን አለ? መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ባትሪ አለው? ብላችሁ ጠይቁ። አጎትየውንም አትርሱ። ከአሜሪካ አዲስ ላኩልኝ ከምትሏቸው ይልቅ ማስክና ፊልተር በሻንጣ እንዲያመጡ ብትጠይቋቸው ይቀላቸዋል።

ለባልሽ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሕክምናው እስኪይዝልህ የሌሊቱን ሥራ ተወው። ዐይንህ ከከበደህም ጥግ ይዘህ አቁም። ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ነው፣ አንተን አምኖ ነው የተቀመጠው። ሲያመሽ መጠጥ የምትቀማምስ ከሆነም ተወው፣ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላል። በጀርባህም አትተኛ፣ በጎንህ ይሻላል።

እናንተ ሌሎቻችሁም አጠገባችሁ የሚያንኮራፋ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ትራስ ይዛችሁ ከመሸሻችሁ በፊት ትንሽ አዳምጡት። ጭጭ ሲል ቁጠሩ። 10 ካለፈ፣ እየደጋገመም ከሆነ፣ ጠዋት እንዳትስቁበት። ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!