መኳንንት መወሰኛው ምክር ቤት

ፖለቲካችን ባስጠላን ቁጥር ዞር ብሎ የጃንሆይን ዘመን መናፈቅ ፋሽን ሆኗል። ከናፍቆቱ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ፓርላማው አይቀርም። ‹‹እኛ እኮ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ሳለ ሁለት ምክር ቤት ነበረን! ሴኔት ነበረን! አዋቂ፣ ጨዋና አርበኛ የሚቀመጥበት!›› ይላል ናፋቂው። ምክሩም ይከተላል፤ ዛሬም ሽማግሌው፣ ምሁሩና ‹‹የተከበረው ሰው›› የሚሾምበት የላይኛው ምክር ቤት ቢኖረን ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር።

እኔ ደግሞ እላለሁ፤ እዚህ የደረስነው በከፊል እንደዚያ ያለ ምክር ቤት ስለነበረን ነው።

ከስሙ እንጀምር። የታችኛው ቤት ‹‹የሕግ መምሪያ ምክር ቤት››፣ ሴኔቱ ደግሞ ‹‹የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት›› ይባል ነበር። አማርኛ ተንኮለኛ ነው። መወሰን ማለት ቁርጡን መናገር ነው፤ ሰውን ከአንድ ቦታ ንቅንቅ እንዳይል ማድረግም መወሰን ነው። ሴኔቱ የተሠራው ለሁለተኛው ትርጉም ነው። ሕግ ሳይሆን መኳንንት የሚወሰንበት ቤት ነበር።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዋና አርአያቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ጃፓኖች የመሳፍንት ምክር ቤት ነበራቸው። ነገር ግን የታችኛው ምክር ቤታቸው፣ መራጩ ጥቂት ግብር ከፋይ ብቻ ቢሆንም፣ ከ1890 ጀምሮ በምርጫ ይሞላ ነበር። እኛ የመሳፍንቱን ቤት አመጣንና ምርጫውን እዚያው ትተነው መጣን።

ሴናተሮቹን ንጉሠ ነገሥቱ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ካገለገሉ መኳንንት መካከል ይሾማሉ። የታችኛውን ቤት አባላት ደግሞ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ። ሕዝቡ ‹‹በቃ›› የተባለው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ከ26 ዓመት በኋላ። እስከዚያው አንድ የሕግ መምሪያ አባል ለሀገር የሚጠቅም ሐሳብ ቢመጣለት በፕሬዚዳንቱ በኩል ለንጉሠ ነገሥቱ ያሳውቃል፤ ምክር ቤቱ የሚነጋገርበት እሳቸው ሲፈቅዱ ነው። ‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› የሚለው ተረት በአንቀጽ ተከፋፍሎ ተጻፈ፤ አለቀ።

ታዲያ ቤቱ ለምን አስፈለገ? ጃንሆይ ማዕከላዊ መንግሥት እየገነቡ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ የራሱ ጦርና የራሱ ግብር ያለው መስፍን ለዚህ እንቅፋት ነው። አዲስ አበባ አምጥቶ፣ ወንበርና ማዕረግ ሰጥቶ፣ ዓይን ሥር ማስቀመጥ ከጦርነት ይረክሳል። እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ፖለቲካ ብልሃት ግሩም ነው። ባላገሩም ቢሆን የመስፍኑ ጦር በመቅለሉ የሚያዝን አይመስለኝም። ግን ብልሃቱን በስሙ እንጥራው። የተከበረ ግዞት የዴሞክራሲ መነሻ ተብሎ አይቆጠርም።

ጣሊያን መጥቶ ሄደ። ፓርላማው በ1935 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ናፋቂው ወዳጃችን የሚመካውም በዚህኛው ነው። የታችኛው ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ ለአራት ዓመት መመረጥ ጀመሩ። ሴቶችም መረጡ፤ ስንዱ ገብሩም በ1949ኙ ምርጫ ተመርጠው ገቡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ሴኔቱስ? ባለበት ሄደ! ሴናተሩን ለስድስት ዓመት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሴኔቱን ፕሬዚዳንትና ሁለቱን ምክትሎችም እንዲሁ። ቁጥሩ ከታችኛው ቤት እኩሌታ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በፓርላማው የመጨረሻ ዓመታት የሕዝብ እንደራሴዎቹ 250 ነበሩ፤ ስለዚህ እስከ 125 ተሿሚ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ቤቶች ካልተስማሙ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል። ሕዝብ የመረጠው ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሕዝብ ያልመረጠው ‹‹ቆይ›› ማለት ይችላል።

እዚህ ላይ ‹‹እነሱ እኮ አርበኞች፣ አዋቂዎች ነበሩ›› የሚል ይነሳል። ልክ ነው፤ በመካከላቸው ለሀገር የደሙ ሰዎች ነበሩ። የእኔ ጥያቄ ግን የሰዎቹን ጨዋነት አይመለከትም። ጥያቄዬ ለማን መልስ ይሰጡ ነበር የሚል ነው። መልሱ አንድ ነው፤ ለሾማቸው።

ይህ የወረቀት ላይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዋጋውን የከፈለው ጭሰኛው ነው።

በ1952 ዓ.ም. በሁለቱ ምክር ቤቶች በኩል አልፎ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመሬት ኪራይ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ይፈቅድ ነበር። አራት ቁና ካመረተ ሦስቱን ለባለመሬቱ! ከዚያ በኋላ የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚያስተካክል፣ ኪራዩን የሚገድብ፣ ጭሰኛው ባሰኘ ጊዜ ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚጠብቅ የሕግ ረቂቅ ፓርላማ ገባ። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ‹‹መሬት ለአራሹ›› እያሉ ወደ ፓርላማው የተመሙት ይህ ጉዳይ ውስጥ በክርክር ላይ ሳለ ነው። በእኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች በሩ ላይ ቆመው ጮኹ። ከበሩ ወዲያ ደግሞ መሬቱ የራሳቸው የሆኑ ሰዎች ተቀምጠው ነበር።

ረቂቁ አላለፈም። ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አላለፈም። ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ሕግ አልሆነም።

ለፍትሕ ያህል፣ ጥፋቱ የሴኔቱ ብቻ አይደለም። የታችኛው ቤት ዕጩም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ስለዚህ እዚያም ባለመሬት ሞልቶ ነበር። ግን የላይኛው ምክር ቤት ጠበቃ ሁሉ የሚነግረን እኮ የዚህ ቤት ሥራ አርቆ ማየት ነው ብሎ ነው! ስሜታዊ ያልሆነ፣ የነገን የሚያይ፣ የሀገር መሪ ሰው የሚቀመጥበት። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓመት ‹‹ይህን መሬት በሕግ ካላስተካከልን በጠመንጃ ይስተካከላል›› ብሎ ቤቱን ያሳመነ ሰው እንዴት ጠፋ? ወንበሩ የተሰጠው ባለመሬት ስለሆነ ነው፤ ከመሬቱ አሻግሮ እንዲያይ አልተቀመጠም።

መልሱ ልክ በአሥር ዓመቱ፣ በዚያው በየካቲት መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። ለሴኔቱ ብሎ አደባባይ የወጣ ሕዝብ አልነበረም፤ የእኔ ያላለውን ማን ይሟገትለታል? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ያለ ክርክር፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ምክር ቤት። ጭሰኝነት ቀረ፤ ጥሩ። ግን ያን ውሳኔ የሰጠው ወታደር ነው፤ ‹‹አዋጅ ይበቃል፣ ፓርላማ ምን ያደርጋል›› የሚለውንም ትምህርት አብሮ አስተማረን።

በመካከሉ ደግሞ ኅዳር 14 አለች። በዚያች ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስድሳዎቹ መካከል ሴኔቱን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣና ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ። የደርግን ግድያ የሚያጸድቅልኝ ታሪክ የለም፤ ግፍ ነው። ግን ነገሩን ልብ በሉት። የሕግ መወሰኛን ወንበር የያዙ ሰዎች፣ የሚከላከልላቸው አንድ ሕግ ባስፈለጋቸው ሌሊት አንድም አላገኙም።

‹‹ያ አለፈ፤ ዛሬ ምን አገባን?›› የሚል ካለ፣ ያገባናል። የዛሬው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን እሱ ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም በሥልጣን ላይ ያሉት እንዲቀጥሉ የወሰነው ይኸው ቤት ነው። አባላቱን በቀጥታ የመረጥን ስንቶቻችን ነን? ሕገ መንግሥቱ የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው እንዲመርጧቸው ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ሁለት በር ከፍቷል። የሚሠራበት የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመክፈት አዲስ ሕገ መንግሥት አያስፈልግም፤ ፈቃድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ‹‹የተከበሩ ሰዎች ይሰብሰቡልን›› ለሚለን ሁሉ ሁለት ጥያቄ አለችኝ። ማን ይሾማቸዋል? ማንስ ያወርዳቸዋል? ለሁለቱም ‹‹ሕዝቡ›› ብሎ መመለስ ያልቻለ ሰው የ1923ቱን ቤት ቀለም ቀብቶ ሊያከራየን ነው። እኛ ደግሞ ስለ ኪራይ ከጭሰኞቹ ተምረናል።