ንባብ በ12ኛ ክፍል አይጀመርም

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገሩ ለአንድ ሳምንት ይንጫጫል፤ ከዚያ ዝም ይላል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ናቸው ሲባል እጃችንን ባፋችን ጫንን። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 3.2 ወረደ። በዚያው ዓመት ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነና መሻሻል ነው ተባልን። ይሁን፤ መሻሻል ነው እንበል። ለመሆኑ ግን ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት ፈተና የማንን ውድቀት ነው የሚለካው?

ሰበቡ ብዙ ነው። አንዱ ወገን «የኩረጃው በር ስለ ተዘጋ ነው» ይላል። እውነት አለው። ፈተናው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ መደረጉ ብዙ ጉድ ገልጧል። ነገር ግን ሌባ ማባረርና ጎተራ መሙላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሌባው ሲባረር ያየነው ጎተራው ባዶ መሆኑን ነው። ሌላው ወገን «ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ በላው» ይላል። ይህንንስ የአዲስ አበባ ወላጅ ቢለው ያምርበት ይሆናል፤ የኔትወርክ ምልክት ፍለጋ ተራራ ለሚወጣ የገጠር ልጅ ግን ስድብ ነው።

ጠቤ በይበልጥ ከሦስተኛው ወገን ጋር ነው። ይህ ወገን ዘዴ ሻጭ ነው። ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን አባዝቶ፣ ሺት ጠርዞ ይመጣና «ምንባቡን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ጥያቄውን እዩ፣ ከዚያ ቃሉን ምንባቡ ውስጥ ፈልጉ፣ ካጣችሁ ሐን ምረጡ» ይላል። ጂንካ እንግሊዝኛ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ምክር የያዘ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቻለሁ። ፍየል ተሸጦ የተገዛም አይቻለሁ። ዘዴ ማንበብ ለሚችል ልጅ ይጠቅመዋል፤ አልክድም። ማንበብ ለማይችል ልጅ ግን መዋኘት ለማያውቅ ሰው የመዋኛ ልብስ እንደ መሸጥ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የእንግሊዝኛው ፈተና ለብዙ ዓመታት 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። 400 ቃል ያለው ምንባብ መጣ እንበል። በደቂቃ 200 ቃል የሚያነብ ተማሪ በ2 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን ቃል በከንፈሩ እያላመጠ በደቂቃ 60 ቃል የሚያነበው ግን ወደ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስም መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ጥያቄው ደግሞ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ፣ የአንድን ቃል አገባብ፣ በመስመሮቹ መካከል የተደበቀውን ትርጉም ነው የሚጠይቀው። የትኛው ዘዴ ነው ይህን 5 ደቂቃ የሚመልሰው? ነገሩም በእንግሊዝኛው ወረቀት አያበቃም። የፊዚክሱም የታሪኩም የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ንባብ ነው። በንባብ የወደቀ በሁሉም ወደቀ።

አሁን የደቡብ ኦሞን ልጅ እናስብ። ይህ ምድር የኦሞቲክ፣ የኩሽ፣ የአባይ ሰሃራና የሴም ቋንቋዎች ጎን ለጎን የሚሰሙበት ነው። ሐመሩ ኦሞቲክ፣ ዳሰነቹ ኩሽ፣ ሙርሲው አባይ ሰሃራዊ ቋንቋ ይናገራል፤ የገበያውና የቢሮው አማርኛ ደግሞ ሴም ነው። ልጁ በቤቱ ሐመርኛ ተናግሮ ያድጋል። ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አማርኛ ነው። አማርኛውን በቅጡ ሳይጨብጥ ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ አገሪቱ ውስጥ ይህ የሚሆንበት ክፍል እንደ ክልሉ ይለያያል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሦስተኛ ቋንቋው በሆነ እንግሊዝኛ፣ በቤቱ መጽሐፍ ከሞላለት የቦሌ ልጅ ጋር እኩል ይፈተናል። ሲወድቅም «ሰነፍ» ይባላል። ሦስት ቋንቋ የሚታገልን ልጅ ሰነፍ የሚል ሰው ስንት ቋንቋ ያውቅ ይሆን?

ስብራቱ የት እንደ ጀመረ ካወቅን ቆይተናል። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳይቷል። ልብ በሉ፣ በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በሚማሩበት በአገራቸው ቋንቋ ነው። በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ቢማር 12ኛ የሚደርሰው በ2012 ነው። ውጤቱ ዱብ ዕዳ ሆነብን ማለት አንችልም፤ ወረቀቱ ከአሥር ዓመት በፊት ጠረጴዛችን ላይ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህን ጊዜ ነበር። እኛ ግን ቤቱ ከነደደ በኋላ ቅጠል ስንቀጥፍ ተገኘን።

ባዶ እጃችንንም አልነበርንም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተተክሎ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። «ፕላዝማ» ያልነው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ይፈስሳል፤ ተማሪው ዓይኑን ተክሎ ያያል፤ መምህሩ ጥግ ይቆማል። ማሽኑ «ገባህ ወይ?» ብሎ መልስ አይጠብቅም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። መጽሐፍ ግን ይመለሳል። ያልገባህን ገጽ አሥር ጊዜ ብትገልጠው አይሰለችህም፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ለማሽኑ የተገኘው ገንዘብ ለመጽሐፍ ለምን ታጣ? መልሱ ቀላል ይመስለኛል፦ ማሽን ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፤ የተረት መጽሐፍ ሪባን የለውም።

አንዳንዶች «ለአርብቶ አደር ልጅ የመግቢያውን ነጥብ ዝቅ ማድረግ ነው» ይላሉ። እንደ ጊዜያዊ ካሳ አልቃወምም፤ የተበደለ ይካሳል። ነገር ግን ሳያነብ በሩን ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም የሚጠብቀው ያው መጽሐፍ ነው። ሌሎች ደግሞ «በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ነው እንግሊዝኛውን የገደለው» ይላሉ። ይህ ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው። ፊደል ድምፅ መሆኑን፣ ቃል ሐሳብ መሆኑን ሰው የሚማረው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚማረውም በሚገባው ቋንቋ ነው። አንድ ጊዜ የተማረውን ወደ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛውም ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጥፋት የአፍ መፍቻ ቋንቋን መፍቀዱ አይደለም፤ ጥፋቱ ፈቅዶ መጽሐፍ አለማቅረቡ ነው። ከደቡብ ኦሞ ቋንቋዎች አብዛኞቹ ለሕፃን የሚነበብ አንድ መደርደሪያ የሚሞላ መጽሐፍ የላቸውም። መጽሐፍ የሌለው የመማር መብት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ጨረቃ ላይ መውጣትን አይደለም። አንደኛ፣ ንባብ በ12ኛ ሳይሆን በ2ኛና በ4ኛ ክፍል ይመዘን፤ የወደቀው ልጅ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ይጠየቅ፣ ይረዳም። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መምህሩ ጮክ ብሎ የሚያነብበት፣ ልጁም ለራሱ የሚያነብበት ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም መምህር አንቀጽ አስነብቦ «ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ንባብ የእንግሊዝኛ መምህር የግል ርስት አይደለም። አራተኛ፣ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ከየሕዝቡ ሽማግሌዎች ተረቱን ሰብስቦ በየቋንቋቸው ለሕፃናት ያትም። ከዚህ የተሻለ ጥናት ምን አለ?

መጽሐፉ እንዴት ይደርሳል ለሚለኝም መልስ አለኝ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አንቀሳቅሰው ዓለም አይቶላቸዋል። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ገበያው ራሱ መንገድ ከፍቷል፤ ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜ። ማርና ቅቤ፣ ቡናና ፍየል የሚደርስበት ቦታ መጽሐፍ የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

የከተማ አንባቢ ሆይ፣ እኔና አንተ ደቡብ ኦሞን የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። የተቀባ ገላ፣ የከንፈር ሸክላ፣ የከብት ዝላይ እናውቃለን። በዚያ ምድር አንድ ሕፃን ፊቱን ቀብቶ ለቱሪስት ሲቆም ብር ይቆጠርለታል፤ መጽሐፍ ገልጦ ሲቀመጥ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ካሜራችንን እናወርድና ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ነው፣ እጁ ላይ ስንት መጽሐፍ አለ? የዛሬ አሥር ዓመት የሚለጠፈውን ውጤት የሚወስነው ያ ቁጥር ነው።